ለአይጥ መብረቅ አታባክኑ፦ የጀማሪ ፓላዲን መመሪያ

የመጀመሪያው ፓላዲኔ የሞተው በአይጥ ሰበብ ነው። አይጦቹንስ ገድሏቸዋል፤ የገደለው ከአይጦቹ በኋላ የመጣው ነው። ደረጃ 2 ላይ ነበርን። ከአንድ የፈረሰ ቤተ መቅደስ ሥር ወዳለ ዋሻ ስንገባ ሁለት ግዙፍ አይጦች ዘለሉብን። አንዷ አይጥ 7 የሕይወት ነጥብ ናት ያላት፤ ሰይፌ ብቻውን ይበቃት ነበር። እኔ ግን ወረቀቴ ላይ «መለኮታዊ ምት» የሚል ነገር ካየሁ ጀምሮ እጄን ሲበላኝ ሰንብቶ ነበርና ለአንዷ አንድ፣ ለሌላዋ አንድ መብረቅ አወረድኩባቸው። ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ። ሁለት ክፍል አልፈን የአጽም ጭፍራ ሲከበን እጄ ባዶ ነበር። አስማተኛችን ወደቀ፤ ቀጥሎ እኔ ወደቅኩ። ጨዋታው አልቆ ወረቀቴን ሳገላብጠው «እጅ መጫን፦ 10 ነጥብ» ይላል። አንዱንም አልነካሁትም። ጓደኛዬን ማንሣት እየቻልኩ ረስቼው ነው አብሬው የሞትኩት።

ስለዚህ ፓላዲን ልትጫወቱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ያን ቀን ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ።

የምናወራው ስለ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ለሕዝብ ያወጡት ጨዋታ ነው (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል፤ አንዱ ዓለሙን ይተርካል፣ ጭራቆቹንም እሱ ያንቀሳቅሳል። ዳንጀን ማስተር ይሉታል፤ እኔ አጫዋች እለዋለሁ። ሌሎቹ አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «ይህን አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ይሳካ አይሳካ ዳይሱ ይፈርዳል። ቁጥሮቹን የምጠቅሰው በ2014 ከወጣው ከአምስተኛው እትም ነው። በ2024 ተሻሽሏል፤ ከተለወጠው አንዳንዱን በየቦታው እጠቁማለሁ። መጽሐፍ መግዛት የማይመቻችሁ አትስጉ፦ የአምስተኛው እትም መሠረታዊ ሕግ፣ ፓላዲንንም ጨምሮ፣ ከ2023 ጀምሮ ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ተለቋል።

ስለ ቃላት አንድ ነገር ልበልና ወደ ሥራው እንግባ። ፓላዲን የጦር ምት ብቻ ሳይሆን እንደ ካህኑና እንደ አስማተኛው የሚጠራው ኃይልም አለው። ድግምት እንዳንለው ለቅዱስ ጦረኛ አይመጥንም፤ ጸሎት እንዳንለው ደግሞ እውነተኛውን ጸሎት ማቃለል ይሆናል። በእኛ ጠረጴዛ «ቡራኬ» ብለነዋል። በቀን ስንት ጊዜ መጥራት እንደሚቻል የሚወስነውን ቁጥር ደግሞ «ስንቅ» እንለዋለን፤ ከወጣችሁ በኋላ የማይሞላ፣ ስታድሩ ብቻ የሚታደስ ስለሆነ። «ከእምነቴ ጋር ይጋጭብኝ ይሆን?» የሚል እንደሚኖርም አውቃለሁ፤ እናቴም ጠይቃኛለች። በአምስተኛው እትም ፓላዲን ከመጽሐፉ አማልክት አንዱን የመምረጥ ግዴታ የለበትም። ኃይሉ ከመሐላው ሊመነጭ ይችላል፤ እኔም ሁልጊዜ የምጫወተው እንደዚያ ነው።

ከሰይፉ በፊት መሐላው

ቃሉ ራሱ ረጅም መንገድ መጥቷል። ፓላዲን የሚለው የሮም ነገሥታት ቤተ መንግሥት ከቆመበት ከፓላቲን ኮረብታ ስም የተወለደ ነው፤ ፓላቲኑስ ማለት የቤተ መንግሥት ሰው ማለት ነበር። ከእኛ ማዕረጎች እልፍኝ አስከልካይ የሚቀርበው ይመስለኛል። በኋላ የመካከለኛው ዘመን ፈረንሳይ ተራኪዎች የንጉሥ ሻርለማኝን 12 ጀግኖች፣ ሮላንድንና ባልንጀሮቹን፣ ጠሩበት። ወደ ጨዋታው የገባው በ1975 ግሬይሆክ በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ነው፤ ጋይጋክስም ከፖል አንደርሰን «ሦስት ልቦችና ሦስት አንበሶች» ከተባለው ልብ ወለድ ብዙ ተበድሯል። ያኔ ፓላዲን ለመሆን ግርማ ሞገስ 17 ያስፈልግ ነበር። ቁጥሩ የሚገኘው ሦስት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ተጥሎ ስለነበር 17 እና ከዚያ በላይ የሚወጣው ከ216 ዕድል በ4ቱ ብቻ ነው። የ1978ቱ መጽሐፍ ደግሞ ይባስ ብሎ አሥራት አስወጣው፣ ከ10 በላይ አስማታዊ ዕቃ እንዳይዝ ከለከለው፣ አውቆ ክፉ ከሠራም ኃይሉን ላይመለስ ነጠቀው። አጫዋቾች ፓላዲኑን ወጥመድ ውስጥ መክተት ስፖርት አድርገውት ነበር ይባላል፤ አያስደንቅም።

የ2014ቱ ሕግ ይህን ሸክም አውርዶ አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀረ፦ ምን ብለህ ምለሃል? የፓላዲን ኃይል ሁሉ ከዚያ ይመነጫል። መሐላው ከሌለ ጥሩር የለበሰ ተራ ወታደር ነው።

መሐላውን በይፋ የምትገቡት ደረጃ 3 ስትደርሱ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ሁለት ደረጃዎች አመክሮ ናቸው፤ ገዳም እንደገባ ወጣት ትታያላችሁ። ቃሉን ግን ከመጀመሪያው ቀን በአንድ ካርድ ላይ ጻፉት፤ ቁጥር ከመሙላታችሁ በፊት፣ በአማርኛ፣ በራሳችሁ አፍ። እኛ ለመሐላ እንግዳ አይደለንም፤ ችግራችን መሐላ መርከሱ ነው። «እናቴ ትሙት» ለታክሲ መልስ ክርክርም ይበቃል። ይህኛው ለስለት ይቀርባል፦ አንዴ ከአፍ ከወጣ በኋላ እስኪፈጸም እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ነው።

ጥሩ መሐላ በአንድ ምሽት ሊፈተን የሚችል ነው። «ደካማን እረዳለሁ» ብላችሁ ብትጽፉ ማንም አይቃወማችሁም፤ ማንም አይፈትናችሁምም። «እጁን የሰጠ አልመታም» ብትሉ ግን አጫዋቹ ፈገግ ሲል ታዩታላችሁ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ታሪክ እጁ ገብቷላ። የሁለተኛው ፓላዲኔ ካርድ ላይ ሦስት መስመር ነው ያለው፦ «የገባሁትን ቃል ለጠላትም ቢሆን እጠብቃለሁ። እጁን የሰጠ አልመታም። ስንሸሽ የመጨረሻው እኔ ነኝ።» ሦስተኛዋ መስመር ሁለት ጊዜ ልታስገድለኝ ነበር፤ ግን ሰዎቹ እስከ ዛሬ የሚያወሩት እሷን ነው።

መጽሐፉ ደረጃ 3 ላይ የሚያስመርጣችሁ መሐላዎች ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። የመሰጠት መሐላ እውነት መናገርን፣ ድፍረትን፣ ርኅራኄን፣ ክብርንና ግዴታን የሚያስምል ነው፤ በነፃው ሕግ ውስጥ ያለውም እሱ ነው። ሰይፋችሁ ለአንድ ደቂቃ እንዲያበራ አድርጋችሁ ከግርማ ሞገሳችሁ የሚመጣውን ጭማሪ በምታችሁ ላይ ትደምራላችሁ፤ ሳትስቱ የመምታት ነገር ማለት ነው። የጥንታውያን መሐላ የብርሃንና የሕይወት ጠባቂ ያደርጋችኋል፤ ደረጃ 7 ላይ አጠገባችሁ ያለ ጓደኛ ከአስማት የሚደርስበት ጉዳት በግማሽ ይቀንስለታል። ሦስተኛው የበቀል መሐላ ነው፤ ወጣቶች የሚሻሙበት። አንድ ጠላት መርጣችሁ ስትምሉበት ለአንድ ደቂቃ እሱን በመታችሁ ቁጥር ሁለት ዳይስ ጥላችሁ ትልቁን ትወስዳላችሁ። ይህ ሰው ደመላሽ ነው፤ ይህን ቃል ካወቃችሁ ስለ እሱ ሌላ ማብራሪያ አያሻችሁም። ደመላሽ የሚያሳድደው አንድ ሰው እንጂ ያገኘውን ሁሉ እንዳልሆነ ግን አትርሱ። «የበቀል ፓላዲን ነኝ» እያለ መንደሩን ሁሉ የሚያርድ ተጫዋች አይቻለሁ፤ ሽፍታ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ቁጥሩን ቶሎ ጨርሱት

እዚህ ላይ ብዙ ሰዓት የሚያጠፉ አሉ፤ አያስፈልግም። ስድስቱን ጠባያት የምትሞሉት 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10 እና 8 በሚሉ ቁጥሮች ነው። 15ቱን ለጉልበት፣ 14ቱን ለግርማ ሞገስ፣ 13ቱን ለጽናት፣ 12ቱን ለማስተዋል ስጡ፤ ቅልጥፍና 10፣ ዕውቀት 8 ይሁኑ። ዘራችሁ ግማሽ ኤልፍ ከሆነ ግርማ ሞገስ ላይ 2፣ በመረጣችኋቸው ሁለት ጠባያት ላይ አንድ አንድ ይጨመርላችኋል፤ ስለዚህ ጉልበት 16፣ ግርማ ሞገስ 16፣ ጽናት 14 ይሆናል። (በ2024ቱ ሕግ ይህ ጭማሪ ከዘር ሳይሆን ከቀድሞ ሙያችሁ ነው የሚመጣው።) የሰንሰለት ጥሩር 16፣ ጋሻ ደግሞ 2 ሲሰጣችሁ የመከላከያ ቁጥራችሁ 18 ነው፤ ጠላት እናንተን ለመንካት 18 ማምጣት አለበት ማለት ነው። በ12 የሕይወት ነጥብ ትነሣላችሁ፤ ደረጃ 2 ላይ 20 ትደርሳላችሁ። ሁለት ሦስት የሚወረወር ጦርም ያዙ፤ ጠላት ጣሪያ ላይ ሲሆን ሰይፍ ይዞ መንጠራራት ያሳፍራል። ጥሩሩ እንደሚንኳኳም አስቡ፦ ተደብቃችሁ መሄድ የሌባው ሥራ ነው፤ አብራችሁት ልሂድ አትበሉ።

ለጽናት የሰጣችሁትን ነጥብ ለዕውቀት ልስጥ ካላችሁ ፓላዲናችሁ የተማረ ሬሳ ይሆናል።

ስንቃችሁን ቁጠሩ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ደረጃ 2 ላይ ሁለት ስንቅ ይኖራችኋል፤ ደረጃ 3 ላይ ሦስት፤ ደረጃ 5 ላይ አራት ትንንሽና ሁለት ተለቅ ያሉ። መለኮታዊው ምትም ቡራኬውም የሚወጡት ከዚሁ ከአንዱ ስልቻ ነው። እኔን የገደለኝ ይህን አለማወቄ ነው፤ ምቱን የሰይፉ ጠባይ አድርጌው ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሰይፍ ትመታላችሁ፤ ምቱ ካረፈ በኋላ «አንድ ስንቅ እጨምርበታለሁ» ትላላችሁ። ትንሹ ስንቅ ሁለት ባለ 8 ዳይስ የብርሃን ጉዳት ይጨምራል፤ ጠላቱ ከመቃብር የተነሣ ሙት ወይም ጋኔን ከሆነ አንድ ዳይስ ይመረቅላችኋል። በእጅ በያዛችሁት መሣሪያ ፊት ለፊት ስትመቱ እንጂ ጦር ስትወረውሩ አይሠራም።

በቅርብ እንየው። ደረጃ 3 ናችሁ፤ በአንድ እጅ ሰይፍ የመዋጋትን ስልት መርጣችኋልና ጉዳታችሁ ላይ 2 ይጨመራል። ዞምቢ መጣ፦ 22 የሕይወት ነጥብ፣ የመከላከያ ቁጥሩ 8 ብቻ። ባለ 20 ገጹን ዳይስ ጣላችሁ፤ 11 ወጣ። ለመምታት የሚጨመርላችሁን 5 ደምሩበት፤ 16፤ ምቱ አርፏል። የሰይፉ ባለ 8 ዳይስ 4 አመጣ፤ ከጉልበት 3፣ ከስልት 2፣ በድምሩ 9። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ዞምቢ ክፉ ጠባይ አለው፦ የሕይወት ነጥቡ ሲያልቅ ዳይስ ይጥላል፣ ከተሳካለት በ1 ነጥብ ብድግ ይላል። ሦስት አራት ጊዜ «ሞተ» ተብሎ ሲነሣ ሰው ያናድዳል። የብርሃን ጉዳት ግን ይህን በር ይዘጋበታል። ስለዚህ አንድ ስንቅ አወጣችሁ፤ ሙት ስለሆነ ሦስት ዳይስ ነው፤ 6፣ 3 እና 5 ወጡ፤ 14። ከ9ኙ ጋር 23። ዞምቢው ወደቀ፤ በዚያው ቀረ። ለዚህ ዓይነት ጠላት ነው መብረቁ የተሰጣችሁ።

እንግዲህ መቼ? አንደኛ፣ ባለ 20ው ዳይስ 20 ሲያወጣ። ያን ጊዜ ዳይሱ ሁሉ እጥፍ ይሆናል፤ የምቱም ዳይስ ጭምር። ምቱ ካረፈ በኋላ ስለምትወስኑ 20 መውጣቱን አይታችሁ ነው የምትጨምሩት፤ ይህ ከፓላዲን ጸጋዎች ሁሉ ትልቁ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ሁለተኛ፣ አንድ ጠላት በሚቀጥለው ተራው ጓደኛችሁን የሚጥል ከሆነ። ሦስተኛ፣ ከላይ እንዳየነው በሙትና በጋኔን ላይ። አይጥ ላይ፣ በፍጹም። በ2014ቱ ሕግ በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ ከመታችሁ ሁለቱም ላይ መጨመር ትችላላችሁ፤ የ2024ቱ ግን ምቱን ራሱን ቡራኬ አድርጎ በተራ አንድ ጊዜ ብቻ ገድቦታል። የቀድሞ ተጫዋቾች ተነጫንጨዋል። እኔ ደግሞ እንደ እኔ ያለውን ችኩል ከራሱ ለማዳን ይመስለኛል።

ስንቁን ለቡራኬ ማዋል ብዙ ጊዜ ይበልጣል ብላችሁ አታምኑኝ ይሆናል። «ምርቃት» የምንለውን ቡራኬ ተመልከቱ፦ አንድ ስንቅ አውጥታችሁ ሦስት ሰው ትመርቃላችሁ፤ እስከ አንድ ደቂቃ ድረስ ሲመቱም ከአደጋ ለማምለጥ ሲጥሉም አንድ ባለ 4 ዳይስ ይጨመርላቸዋል። ውጊያ በጠረጴዛው ላይ ከአራት አምስት ዙር አያልፍም፤ ስለዚህ ምርቃቱ ውጊያውን በሙሉ ይሸፍናል ማለት ነው። ባለ 4ን ዳይስ ትንሽ አድርጎ የሚንቅ ብዙ ነው፤ በ1 የሳተ ምት ስንቴ እንዳናደዳችሁ ካሰባችሁ አትንቁትም። ጉድለቱ ልባችሁን ሰብስባችሁ መያዝ ያለባችሁ መሆኑ ነው፤ ጠላት ሲመታችሁ ዳይስ ጥላችሁ ካልተሳካላችሁ ምርቃቱ ይበተናል። ጽናትን ከዕውቀት አስበልጡ ያልኳችሁ ለዚህም ነው።

እጅ መጫን፣ አንድ በአንድ

የደረጃችሁ አምስት እጥፍ የፈውስ ነጥብ በየቀኑ ይሰጣችኋል፦ ደረጃ 1 ላይ 5፣ ደረጃ 3 ላይ 15። ዳይስ የለውም፤ የፈለጋችሁትን ያህል ከፍላችሁ ትሰጣላችሁ። በ5 ነጥብ አንድ በሽታ ወይም አንድ መርዝ ታስወግዳላችሁ።

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ጓደኛው ገና ቆሞ ሳለ 15ቱን ባንድ ጊዜ ማፍሰሱ ላይ ነው። የሕይወት ነጥቡ 0 ገብቶ የወደቀ ሰው 1 ነጥብ ብቻ ካገኘ ዓይኑን ይገልጣል፣ ተራው ሲደርስም እንደ ማንም ይዋጋል። ስለዚህ 15 ነጥብ ማለት 15 ጊዜ ከሞት አፋፍ መመለስ ነው። በውጊያ መሐል አንድ በአንድ ስጡ፤ ውጊያው ሲያልቅ የተረፈውን ቁስል ማድረቂያ አድርጉት። ሰውየውን መንካት ስላለባችሁ ሩቅ አትቁሙ፤ በ2014ቱ ሕግ ያን ተራ መምታትም አትችሉም። በ2024 ቀልሎ ከምት ጋር አብሮ እንዲሄድ ተደርጓል፤ ከማሻሻያዎቹ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው።

ጃንጥላው

ደረጃ 4 ላይ አንድ ጠባይ በ2 እንድታሳድጉ ሲፈቀድላችሁ ብዙ ሰው ጉልበት ይላል። እኔ ግርማ ሞገስ እላለሁ፤ ደረጃ 6 ላይ ለሚመጣው። ከዚያ ደረጃ ጀምሮ እናንተም፣ ከእናንተ በ10 ጫማ፣ ማለትም በ3 ሜትር ገደማ ውስጥ ያሉ ጓደኞቻችሁም፣ ከአደጋ ለማምለጥ በሚጥሉት ዳይስ ሁሉ ላይ ከግርማ ሞገሳችሁ የሚመጣው ጭማሪ ይደመራል። ስንቅ አይበላም፤ አታዙትም፤ አብሯችሁ ይሄዳል።

የጠላት አስማተኛ የእሳት ኳስ ወረወረ እንበል። ለማምለጥ 14 ያስፈልጋል፤ ጉዳቱ 8 ባለ 6 ዳይስ፣ በአማካይ 28። ከአጠገባችሁ ያለው ተዋጊ ቅልጥፍና የለውም፤ ዳይሱ 10 አወጣ። ብቻውን ቢሆን 28ቱን ይቀበል ነበር። በእናንተ ጥላ ሥር ነውና 4 ተጨመረለት፤ 14፤ ጉዳቱ በግማሽ ተቀነሰ። የዚያን ምሽት ማንም «ፓላዲኑ አዳነን» አይልም፤ ዝም ብሎ ማንም አይወድቅም።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። በዚህ ጥላ ሥር ለመሰብሰብ መጠጋጋት ግድ ነው፤ የተጠጋጋ ሰው ደግሞ ለእሳት ኳስ ምቹ ነው፤ ኳሱ 20 ጫማ ዙሪያውን ያዳርሳል። ስለዚህ አስማተኛ ባለበት ጥላችሁ ሥር ሁለት ሰው ይብቃ፤ ቅልጥፍና ያለው ሌባ ርቆ ይቁም። ሌላው፣ እናንተ ራሳችሁን ስታችሁ ከወደቃችሁ ጃንጥላው ይታጠፋል። ከመውደቃችሁ በፊት ፈውሱን ለራሳችሁ ማዋል ራስ ወዳድነት የማይሆንበት ጊዜ አለ።

ፈረሱንም ላንሣ። ደረጃ 5 ላይ ተለቅ ካሉት ስንቆች አንዱን አውጥታችሁ መንፈሳዊ ፈረስ መጥራት ትችላላችሁ፤ ግመል ወይም ትልቅ ውሻም ይሆናል። ቢሞት ይጠፋል፣ ደግማችሁ ትጠሩታላችሁ። ዋሻ ውስጥ ብዙም አይረባም፤ ሜዳ ላይ ደስታ ነው። ስሙን ግን አታባክኑት። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉበት አገር ልጅ ፈረሱን «ሲልቨር» ብሎ ሲጠራ ስሰማ ያመኛል።

መሐላው ሲነካ

ፓላዲን በብዙ ጠረጴዛ የሚጠላው በኃይሉ ሳይሆን ጓደኞቹን እንደ ፖሊስ ስለሚጠብቅ ነው። ሌባው ኪስ ሲገባ ሰይፍ መዞ ይቆማል፤ ሌሎቹ ምሽቱን ሙሉ እሱን ሲለምኑ ያድራሉ። የማላችሁት እናንተ ናችሁ፤ ሌባው አልማለም። በሰው መሐላ ማንም አይያዝም።

ሁለተኛው ፓላዲኔ አንድ ጎብሊን ማርኮ «መንገዱን ካሳየኸን በሰላም ትሄዳለህ» ብሎ ቃል ገብቶለት ነበር። አሳየን። ከዚያ ሌባችን ዝግ ባለ ድምፅ «ከለቀቅነው ሄዶ ያስነሣብናል» አለ። እውነቱን ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «በሬሳዬ ላይ!» ማለት ይቻል ነበር፤ ያን ብል ጨዋታው ክርክር ሆኖ ያልቅ ነበር። ገጸ ባሕርዬን አውልቄ በራሴ አፍ ለጓደኞቼ «ይሄ ካርዴ ላይ ያለውን ይነካል፤ እኔ ልለቀው ነው የምፈልገው፤ ለእናንተስ ምን ቢሆን ይጥማችኋል?» አልኳቸው። ጎብሊኑን ሥራችንን እስክንጨርስ ይዘነው እንድንሄድ፣ ከዚያ እንድንለቀው ተስማማን። ሦስት ምሽት አብሮን ዞረ፤ ቋንጣችንን ጨረሰው፣ ያለማቋረጥ አማረረ፣ አንድ ወጥመድም ሌባችን ከመርገጡ በፊት አሳየን። መሐላው የሌላውን እጅ ከማሰር ይልቅ ታሪክ የሰጠን ያን ጊዜ ነው።

ቢፈርስስ? ይፈርሳል፤ ሰው ነው። መጽሐፉ የሚያዘው ለእኛ አዲስ አይደለም፦ ለካህን ወይም ለሌላ ፓላዲን መናዘዝ፣ ሌሊቱን በጸሎት ማደር፣ መጾም። ከዚያ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሳይጸጸት በዚያው ከቀጠለ ግን አጫዋቹ መሐላ አፍራሽ ወደሚባለው ጨለማ መንገድ ሊያዞረው ይችላል። አወዳደቁን በምሳሌ ማየት የፈለገ በ2002 የወጣውን የኮምፒውተር ጨዋታ ዋርክራፍት 3ን ይመልከት። ልዑል አርታስ ፓላዲን ነበር፤ ስትራትሆልም የምትባለው ከተማ ሕዝብ በመቅሰፍት ተበክሎ ወደ ዞምቢነት ከመለወጡ በፊት ፈጀው። መምህሩ ኡተር አልተባበርም ብሎ ጥሎት ሄደ። አርታስ ግን ሕዝቡን እያዳነ ነው የመሰለው፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

ጠረጴዛ የሚከብብ ጓደኛ ያጣችሁ በ2023 በወጣው በባልደርስ ጌት 3 መለማመድ ትችላላችሁ። እዚያ መሐላችሁን የሚጻረር ሥራ ከሠራችሁ ኃይላችሁ ወዲያው ይነጠቃል፤ የመሐላ አፍራሾች ባላባት የተባለ ጥቁር ጥሩር የለበሰ ሰው ሠፈራችሁ ይመጣል፤ 1000 ወርቅ ከከፈላችሁትም መሐላችሁ ይመለሳል። ንስሐን በዋጋ ተምኖ ያየሁት እዚያ ነው። ኮምፒውተሩ ምክንያታችሁን አይሰማም፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው አጫዋች ይሰማል፤ ስለዚህ ኃይል ከመነጠቁ በፊት «ይህን ያደረግኩት ለዚህ ነው» በሉት። ከመጀመሪያው ቀን ካርዱን አሳይታችሁት ከሆነ ክርክሩ አጭር ይሆናል።

የመጀመሪያው ምሽት ስትሄዱ ካርዱን፣ ዳይሳችሁንና እርሳስ ከላጲስ ጋር ያዙ። እስክሪብቶ አይሆንም፤ የእጅ መጫን ነጥብ በአንድ ምሽት አሥር ጊዜ ይጠፋል፣ አሥር ጊዜ ይጻፋል። ቁጥሩን ከወረቀቱ አናት ላይ፣ ከስማችሁ አጠገብ፣ ትልቅ አድርጋችሁ ጻፉት። የእኔ ከታች ከጦሮቹ ዝርዝር ሥር ነበር የተጻፈው።